«ሲኒ አልሳልክም፤ ‹ሲኒ› ብለህ ጻፍክ»

ስዕል መማር የጀመርኩት በ37 ዓመቴ ነው። ሙያዬ ሒሳብ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከደረሰኝና ከኤክሴል ጋር ስታገል ነው የምውለው። ከስዕል ጋር የተለያየነው አራተኛ ክፍል ሳለሁ ነበር። ላም ሳልኩ፤ አስተማሪው ደብተሬን ከፍ አድርጎ «ይሄ ደግሞ ወንበር ነው ጠረጴዛ?» አለ። ክፍሉ አውካካ። በቃ፣ እዚያ ላይ አበቃ።

ማኅተሙን የመታበት ግን ሥልጠና ነው። ከዓመታት በፊት መሥሪያ ቤታችን ሁለት ቀን ሆቴል አስገብቶ አሠለጠነን። አሠልጣኙ ጥያቄ የሞላበት ወረቀት አደለን። «ጠረጴዛህ ሁሌ የተስተካከለ ነው?» «ዕቅድ ሳታወጣ መንገድ ትጀምራለህ?» የሚሉ ዓይነት። ነጥባችንን ደምረን አየነው። የእኔ ውጤት «የግራ አንጎል ሰው» የሚል ሆነ። ግራ ማለት ቁጥር፣ ቋንቋ፣ ቅደም ተከተል። ቀኝ ማለት ስዕል፣ ሙዚቃ፣ ፈጠራ። አሠልጣኙ ፈገግ ብሎ «አንተን ስዕል ቤት ብናስገባህ ታለቅሳለህ» አለኝ። ሁሉም ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኛል። አለመቻሌ ስንፍና ሳይሆን አፈጣጠር ሆነልኛ!

ያንን ወረቀት ወይም መሰሉን ሞልታችሁ «እኔ የግራ ነኝ» ብላችሁ የተቀመጣችሁ ካላችሁ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው።

አንድ ቅዳሜ እናቴ ቤት ቡና እየተፈላ ነበር። የእህቴ ልጅ ደብተሯን ይዛ መጣች። የቤት ሥራዋ «ቤታችሁ ካለ ዕቃ አንዱን ሳሉ» ይላል። «አጎቴ፣ ሳልልኝ» አለች። ሲኒ መረጥኩ። እጀታ የላት፣ ምን የላት፣ ቀላል መስሎኝ። ከላይ አንድ ክብ፣ ከጎንና ከጎን ሁለት መስመር፣ ከሥር ቀጥ ያለ መስመር። አለቀ።

ጎረቤታችን ጋሼ ቡና ሊጠጡ መጥተው አጠገቤ ተቀምጠዋል። ጋሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ በብሩሽ ታፔላ ሲጽፉ የኖሩ ሰው ናቸው። የባነር ማተሚያ መጥቶ ሥራቸውን ወሰደባቸው እንጂ፣ የሰፈራችን ግማሽ ሱቅ ስሙን ያገኘው ከእሳቸው እጅ ነው።

«ምንድነው እሱ?» አሉኝ።

«ሲኒ ነው ጋሼ።»

መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ትንሽ አዩት። «ሲኒ አልሳልክም» አሉ። «‹ሲኒ› ብለህ ነው የጻፍከው።»

አልገባኝም። ከረከቦቱ ላይ አንዲት ባዶ ሲኒ አንስተው ዓይኔ ፊት ለፊት ያዙልኝ። «አፏ ምን ይመስላል?» አፏ ክብ አልነበረም። ቀጭን መስመር ነው። ቀስ እያሉ ወደ ታች አወረዷት። መስመሩ መከፈት ጀመረ፤ መጀመሪያ እንደተጨፈነ ዓይን፣ ቀጥሎ ሞላላ፣ እየወረደች ስትሄድ ሞላላው እየሰፋ። መሬት አስቀምጠው «አሁን ቁምና ከላይ እያት» አሉኝ። ክብ የሆነችው ያን ጊዜ ብቻ ነው። «ከተቀመጥክበት ሆነህ ክብ ታይቶህ አያውቅም» አሉ። «ክብ መሆኗን ስለምታውቅ ነው ክብ ያደረግካት።»

የታችኛው መስመርም እንደዚያው ነው። ሲኒዋ ረከቦት ላይ ለጥ ብላ እንደምትቀመጥ አውቃለሁ፤ ስለዚህ መቀመጫዋን ቀጥ አድርጌ አሰመርኩት። በደንብ ሳየው ግን ወደ ታች ጎበጥ ያለ ነው። እንዲያውም ከዓይኔ ስለሚርቅ ጉብጠቱ ከአፏ ይበልጣል። በሺህ የሚቆጠር ሲኒ ቡና ጠጥቻለሁ። ይህን አንድ ቀን አላየሁም።

የእህቴ ልጅ በመጨረሻ የቤት ሥራዋን ራሷ ሠራች። ከእኔ የተሻለ ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት ጋሼን ቤታቸው ሄጄ ያዝኳቸው። «እንዴት ነው ማየት የሚለመደው?» ስላቸው ስለ ሱቅ መስታወት አጫወቱኝ። መስታወት ላይ ከውስጥ በኩል ሲጻፍ ፊደሉ የግራ ቀኝ ተገልብጦ ነው የሚጻፈው፤ ከውጭ የሚያልፈው ሰው እንዲያነበው። መጀመሪያ ላይ ብዙ ተሳስተዋል። በኋላ የገባቸው ነገር፣ የተገለበጠውን ፊደል ለማንበብ ከሞከሩ እጃቸው ይሳሳታል። ማንበቡን ትተው መስመር ብቻ ሲያዩ ግን እጃቸው ይታዘዛል። «ስለዚህ አንተም ገልብጥ» አሉኝ።

የገለበጥኩት 1 ብር ላይ ያለውን ልጅ ነው። የወረቀቱ 1 ብር ሳንቲም ከመጣ ወዲህ ብዙም አይታይም፤ እኔ ጋ ግን መጽሐፍ ውስጥ ተጨማዳ የቀረች አንዲት ነበረች። ፊቱን በስልክ አንስቼ አጎላሁት። ሥራው በደቃቃ መስመር ስለሆነ ለዚህ ልምምድ የተፈጠረ ነው የሚመስለው። መጀመሪያ ማታ ላይ እንደወትሮው ቀጥ አድርጌ ሳልኩት። የወጣው ጥርሱ የረገፈ ሽማግሌ ነው። እሱን አጠፍኩና በማግስቱ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ገልብጬ አስቀመጥኩ። ፊቱን በነጭ ወረቀት ሸፈንኩና ሁለት ጣት ያህል ብቻ ገለጥ አድርጌ ጀመርኩ። የገለጥኩትን ስጨርስ ትንሽ እገልጣለሁ።

ሕጉ አንድ ነው፦ ስም መጥራት የለም። «ይሄ አፍንጫ ነው» ማለት ክልክል። «ይህ መስመር ወደ ግራ ይታጠፋል፣ ከወረቀቱ ጠርዝ አንድ ጣት ሲቀረው ይቆማል፣ እዚህ ጋ ጥቁር ሦስት ማዕዘን አለ» ብቻ። ዓይኑ ጋ ስደርስ ያወቀው ሰውነቴ ነው። እጄ ፈጠን አለ። ሳላይ የለመደውን የዓሣ ቅርጽ ሊሠራ ሲል ያዝኩት። እንደገና ወደ መስመሩ ተመለስኩ።

50 ደቂቃ ፈጀ። ወረቀቱን ሳዞረው ልጅ ወጣ። ከንፈሩ ትንሽ ተንሻፏል፤ አንዱ ጆሮ ትልቅ ነው። ግን ልጅ ነው። ብድግ ብዬ ብቻዬን ክፍሉ ውስጥ ተዘዋወርኩ። የምትሞክሩት ከሆነ የእኔን ስህተት በዕቅድ ድገሙት፤ መጀመሪያ ቀጥ አድርጋችሁ፣ ቀጥሎ ገልብጣችሁ ሳሉ። ጎን ለጎን ካላያችሁት አታምኑም።

ከዚያ በኋላ ነው ማንበብ የጀመርኩት። ለካ ልምምዱን ያገኙት ጋሼ ብቻ አይደሉም። ቤቲ ኤድዋርድስ የምትባል አሜሪካዊት የስዕል መምህርት እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመችው መጽሐፍ ዓለም አውቆታል። ተማሪዎቿን ሠዓሊው ፒካሶ እ.ኤ.አ. በ1920 የሳለውን የሙዚቃ ደራሲውን የኢጎር ስትራቪንስኪን ምስል ገልብጠው እንዲስሉ ታደርግ ነበር። ማብራሪያዋ ያ አሠልጣኝ የነገረን ነገር ሥር ነው። ስም የሚሰጠው፣ ቶሎ ቶሎ የሚፈርጀው ግራው የአንጎል ክፍል ነው፤ ምስሉ ሲገለበጥበት ተስፋ ቆርጦ ይለቃል፤ ቀኙ ይረከባል።

ይህ ሐሳብ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ሮጀር ስፔሪ የሚባል ተመራማሪ የሚጥል በሽታ የጸናባቸውን ሰዎች አጥንቷል። በሽታው ከአንዱ የአንጎል ክፍል ወደ ሌላው እንዳይሻገር ሐኪሞች ሁለቱን የሚያገናኘውን ወፍራም የነርቭ ድልድይ ቆርጠውላቸዋል። ስፔሪ እነዚህን ሰዎች አንድ ነጥብ ላይ እንዲያተኩሩ አድርጎ ከነጥቡ በስተግራ የአንድ ዕቃ ሥዕል ብልጭ ያደርግላቸዋል። በዚያ በኩል የሚታየው ወደ ቀኙ አንጎል ነው የሚሄደው። «ምን አየህ?» ሲባሉ «ምንም» ይላሉ፤ የሚናገረው ግራው ነዋ፣ እሱ ደግሞ አላየም። ግራ እጃቸው ግን ከመጋረጃው ሥር ከተደረደሩት ዕቃዎች ያንኑ ዕቃ ዳብሶ ያነሳል! ይህን ሳነብ ጸጉሬ ቆመ። ስፔሪ እ.ኤ.አ. በ1981 የኖቤል ሽልማት ከተካፈሉት አንዱ ሆነ።

ስለዚህ ሁለቱ ክፍሎች አንድ ዓይነት አይደሉም፤ በአብዛኛው ሰው ቋንቋ ወደ ግራ እንደሚያደላም የታወቀ ነው። ችግሩ ከዚህ የተዘለለው ዝላይ ነው። «ሁለቱ ክፍሎች ይለያያሉ» ከሚለው ተነስቶ «ሰው ሁለት ዓይነት ነው» ማለት ምን አገናኘው? የእኔም የእናንተም ድልድይ አልተቆረጠም። ግራና ቀኙ ቀኑን ሙሉ ሲያወሩ ነው የሚውሉት። እ.ኤ.አ. በ2013 የዩታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ7 እስከ 29 ዓመት የሆናቸውን የ1,011 ሰዎች የአንጎል ምርመራ አገላብጠው አይተዋል። በአጠቃላይ አንዱ ጎኑ የበረታ፣ «የግራ ሰው» ወይም «የቀኝ ሰው» የሚባል አላገኙም። ያ የሥልጠና ወረቀት እንግዲህ ከኮከብ ቆጠራ ብዙም አይርቅም። ሆቴሉ ምሳው ጥሩ ነበር።

ታዲያ ልምምዱ ለምን ሠራ? በእኔ ግምት መልሱ ጋሼ ያሉት ላይ ነው። ተገልብጦ ፊትን መለየት ለማንም ሰው ይከብዳል። ስሙ በደንብ ሳይመጣ ሲቀር ከመስመሩ ሌላ የሚያዝ ነገር አይኖርም። የቱ የአንጎል ክፍል እንደሚሠራው ማወቅ አያስፈልገኝም። የማውቀው ምልክቱን ነው፤ በደንብ እያየሁ ስስል ማውራት ያቅተኛል። እናቴ «ቡና ልድገምህ?» ስትለኝ ድምጿ ይሰማኛል፣ ትርጉሙ ግን ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። «ወይ ልጄ፣ ደነቆርክ እንዴ?» እስክትለኝ።

ሁለተኛው ትልቅ ነገር ባዶው ቦታ ነው። እሱም ከታፔላ የመጣ ነው። ፊደል በማስመሪያ እኩል እኩል አራርቃችሁ ብትጽፉ ታፔላው ያስጠላል። ጋሼ ወረቀት ላይ አሳዩኝ። «ተ ከሥሯ በግራም በቀኝም ባዶ ትተዋለች፤ ስለዚህ ጎረቤቷን ጠጋ ታደርግላታለህ። በ እና በ ሲገናኙ ግን ግድግዳና ግድግዳ ናቸው፤ ትንሽ አየር ስጣቸው።» የሚያዩት ፊደሉን አይደለም። በፊደሎቹ መካከል ያለውን ነጭ ነው የሚያመዛዝኑት።

ከዚያ ጀበና አመጡና «ጀበናውን እንዳትስል» አሉኝ። «በእጀታውና በአንገቱ መሀል ያለውን ቀዳዳ ሳልልኝ።» ቀዳዳውን አየሁት። ከላይ ጠበብ ብሎ ይጀምራል፣ መሀሉ ላይ ይሰፋል፣ ወደ ሆዱ ሲጠጋ ይጎብጣል። ያበጠ ባቄላ ነገር። እሱን ሳልኩ። ቀጥሎ ከእጀታው ውጭ እስከ ግድግዳው ጥግ ያለውን ባዶ፤ ቀጥሎ በሆዱና በማቶቱ መካከል የቀረችውን ቀጭን ጥላ። ቀና ስል ወረቀቱ ላይ ጀበና ቆሟል። እኔ እኮ አልሳልኩትም!

ይህ ከመገልበጥም በላይ ጠቅሞኛል። ጀበና ስም አለው፣ እጀታም ስም አለው። በመካከላቸው ያለው ባዶ ግን ስም የለውም። ስም የሌለውን ነገር ልጽፈው አልችልም። ያለኝ አማራጭ ማየት ብቻ ነው። ዛሬም አንድ ነገር እምቢ ሲለኝ፣ ወንበርም ይሁን ጉልበቱን አጥፎ የተቀመጠ ሰው፣ ዕቃውን ትቼ ዙሪያውን ያለውን ባዶ እስላለሁ።

ሦስተኛው መለካት ነው። እዚህ ላይ ለሙያዬ አንድ ቃል ላውጣለት። የሒሳብ ሰው ስዕል አይችልም ያለው ማነው? ስዕል ግማሹ ንጽጽር ነው። የምስላት ሴት ጭንቅላት በትከሻዋ ስፋት ውስጥ ስንት ጊዜ ይገባል? የጀበናው አንገት ከሆዱ ቁመት ስንት እጅ ነው? ይህ የዕለት ሥራዬ ነው። አንድ ዓይን ጨፍኖ፣ እርሳስ ይዞ፣ እጅን ዘርግቶ፣ በአውራ ጣት ልክ መያዝ። ዋናው ነገር ክርን እንዳይታጠፍ ነው። እኔ የመጀመሪያውን ሳምንት አንዴ አጥፌ አንዴ ዘርግቼ ለካሁና እናቴን ጭንቅላቷ የሰውነቷን ግማሽ የሚያህል ሴት አደረግኳት። ክርን ሲታጠፍ ሚዛኑ ተቀየረ ማለት ነው፤ በሁለት የተለያየ ሚዛን ስኳር እንደመሸጥ።

ደግሞ ግንባር። የምስላቸው ሰዎች በሙሉ ግንባር የሌላቸው ነበሩ። እናቴ አንዱን አይታ «ግንባሬን የት አደረስከው ልጄ?» አለችኝ። በእርሳስ ስለካት ዓይኗ ከአናቷ እስከ አገጯ ካለው ቁመት ልክ መሀሉ ላይ ነው። የሁላችንም እዚያው አካባቢ ነው፤ መስታወት ፊት ቆማችሁ ለኩ። እኔ ዓይንን ሲሶው ላይ ነበር የምሰቅለው። ምክንያቱም ሰው ስናይ የምናየው ዓይን፣ አፍንጫና አፉን ነው። ከዚያ በላይ ያለው ወሬ የለውም፤ ወሬ የሌለውን ደግሞ እናሳንሰዋለን። ለክቼው እንኳ እጄ እምቢ አለ። «ይሄማ በጣም ወረደ» እያልኩ በላጲስ አጥፍቼ መልሼ ሰቅዬዋለሁ፤ ሁለት ጊዜ። የለካችሁት ትክክል የማይመስልበት ጊዜ አለ። ልኩን እመኑ።

ነገሩ በሥራዬ ላይም አለ። ሒሳብ አልገጥም ሲል ልዩነቱ ለ9 እኩል ከተካፈለ፣ ብዙውን ጊዜ የሆነ ቦታ ሁለት ቁጥር ተገለባብጧል፤ 54 ሊጻፍ 45 ተጽፏል። አሥር ጊዜ ብታዩት አታገኙትም። ማለት የፈለጋችሁትን ነው የምታነቡት። የሚያገኘው ምን መጻፍ እንደነበረበት የማያውቅ ባልደረባችሁ ነው። ሲኒ ላይ የሠራሁት ስህተትና ደረሰኝ ላይ የምሠራው ስህተት አንድ መሆኑን ለመረዳት 37 ዓመት ፈጀብኝ።

አሁን አጭር አጭሩን ልንገራችሁ። ውድ ዕቃ አትግዙ። አንድ ኤች ቢ፣ አንድ 2ቢ፣ አንድ 4ቢ እርሳስ (የ«ቢ» ቁጥር ሲጨምር እርሳሱ ይለሰልሳል፣ ይጠቁራል)፣ መቅረጫ፣ መስመር የሌለው ደብተር ይበቃል። የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃ ላጲስ ከእጃችሁ ይራቅ። በሳምንት አንድ ቀን ሦስት ሰዓት ከመቀመጥ በየቀኑ 20 ደቂቃ ይሻላል፤ ሁለቱንም ሞክሬያለሁ። በየገጹ ቀን ጻፉበት። ወረቀቱን ጨርሶ ሳታዩ፣ ዓይናችሁን ከዕቃው ሳትነቅሉ አንዳንድ ቀን ሳሉ፤ የሚወጣው የዶሮ ጭረት ነው፣ ዓይናችሁ ግን ይፈጥናል። ጥላ ለመልመድ መብራት የጠፋበት ምሽት ምርጥ ነው። አንድ ሻማ፣ አንድ ብርጭቆ። ጥላውም ራሱን የቻለ ቅርጽ ነው፤ እሱም ስም የለውም።

ጊዜዬን የበላው ምን መሰላችሁ? «ዓይን በአምስት ደረጃ መሳል» የሚሉ ቪዲዮዎች። ወር ሙሉ አየኋቸው። ቆንጆ ዓይን መሥራት ቻልኩ፤ ችግሩ የማንም ዓይን አይደለም። እናቴም፣ የእህቴ ልጅም፣ የታክሲው ረዳትም ያንኑ ዓይን ለበሱ። እንደዚያች ክብ ሲኒ ያለ አንዱን ምልክት ጥዬ የተሻለ ምልክት ነበር የተማርኩት።

ምልክት ራሱ ነውር እንዳይመስላችሁ ደግሞ። የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችንን አስቡ። ቅዱሳኑ ፊት ለፊት ሁለት ትልልቅ ዓይን ኖሯቸው ያዩናል፤ ክፉዎቹ በጎን ዞረው በአንድ ዓይን ይሳላሉ። ሠዓሊው ዓይን መሳል አቅቶት አይደለም። እያወቀ እየጻፈ ነው፤ ተመልካቹም ያነብለታል። እኔ ግን እየጻፍኩ የምስል ነበር የሚመስለኝ። ልዩነቱ ይኸው ነው።

ባለፈው ቅዳሜ፣ ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ ማለት ነው፣ እናቴ ቤት ያንኑ ረከቦት ሳልኩት። ሦስት ሲኒ፣ ጀበና፣ ከጎኑ የእናቴ እጅ። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ወሰደ። ጋሼ ሦስተኛውን ቡና ጨርሰው «እስኪ» አሉ። ሰጠኋቸው። መጀመሪያ ያደረጉት መገልበጥ ነው። ተገልብጦ ረጅም ጊዜ አዩት። ስለ ሲኒዎቹ ምንም አላሉም። ከዚያ ጣታቸውን በጀበናው እጀታና በአንገቱ መሀል አሳረፉ።

«ይቺ ትንሽ ሰፍታለች» አሉ።

እርሳሴን ይዤ፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፣ እጄን ዘርግቼ ለካሁ። ሰፍታለች።